የአረብ ሀገራት ነፃ ንግድ፦ ዕቃችሁ ያለ ቀረጥ ማለፍ አለማለፉን ከመጫናችሁ በፊት እወቁ

ዱባይና ሻርጃ በሚነግደው ሐበሻ ዘንድ አንድ ወሬ አለ። «አረቦች እርስ በርሳቸው ቀረጥ የላቸውም፤ ከዚህ ገዝተህ ዮርዳኖስ፣ አማን ብትወስደው በነፃ ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ለኪሳራ የሚዳርገው ሌላኛው ግማሽ ነው።

ጋፍታ የሚባለው የአረብ ሀገራት ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ የጀመረው በ1998 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አብዛኞቹ አባላት ቀረጡን በየዓመቱ እየቀነሱ በ2005 ዜሮ አደረሱት። ኤምሬትስ፣ ሳውዲ፣ ዮርዳኖስ፣ ግብፅ፣ ሱዳን ሁሉም አሉበት፤ አልጄሪያ በ2009 ተቀላቀለች። ቀረጥ የማይነካው ግን አባል ሀገር ውስጥ የተሠራ ዕቃ እንጂ የተገዛ አይደለም። ዱባይ ዴራ ገበያ የገዛችሁት የቻይና ጫማ ቻይናዊ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ዓመት ቢከርምም ዜግነት አያገኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሒሳብ ሥሩ። በአጠቃላይ ደንቡ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ካለው ዋጋ ቢያንስ 40 በመቶው እዚያው አባል ሀገር ውስጥ የተጨመረ መሆን አለበት። ሻርጃ ውስጥ ጣሂና (የተፈጨ ሰሊጥ) ታመርታላችሁ እንበል። አንዱ ካርቶን ከፋብሪካ በ100 ድርሃም ይወጣል፣ ከሁመራ የመጣው ሰሊጥ ብቻ 65 ድርሃም ፈጅቷል። የቀረው 35 ነው። አለቀ፣ ወደቀ። ያው ሰሊጥ ከገዳሪፍ ቢመጣ ግን ሱዳን አባል ስለሆነች እንደ አረብ ግብዓት ይቆጠርና ጣሂናው ያልፋል። ሁለቱ ቦታዎች በድንበር ብቻ የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ግን ጉምሩክ አፈር አያይም፣ ወረቀት ነው የሚያየው። የሱዳኑን የስሪት ሀገር ሰርተፊኬት በእጃችሁ ሳታስገቡ ደግሞ በዚህ ሒሳብ እንዳትተማመኑ፤ በዚህ የጦርነት ጊዜ በተለይ።

ቀጥሎ ፋብሪካው የት እንዳለ እዩ። ፍሪ ዞን (ከጉምሩክ ክልል ውጭ የሚቆጠር ነፃ ቀጠና) ውስጥ ከሆነ ተጠንቀቁ! ሳውዲ በ2021 ባወጣችው ደንብ ፍሪ ዞን ውስጥ የተመረተ ዕቃ የባሕረ ሰላጤው ሀገራት እርስ በርስ የሚሰጣጡትን የቀረጥ ጥቅም እንዳያገኝ አድርጋለች፤ ከፋብሪካው ሠራተኞች ስንቱ የሀገሬው ዜጋ እንደሆነም ማየት ጀምራለች። የፍሪ ዞን ኪራይና ፈቃድ ቀላል ነው ብሎ እዚያ የገባ ሰው ይሄን መጀመሪያ ቢሰማ ጥሩ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተራው የስሪት ሀገር ሰርተፊኬት ዕቃው የት እንደተሠራ ይናገራል እንጂ ከቀረጥ አያድንም። የጋፍታው የራሱ ቅጽ አለው፤ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። የዕቃው ስም፣ ክብደቱና የኢንቮይስ ቁጥሩ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ጭነቱም በቀጥታ ይሂድ። መንገድ ላይ አባል ባልሆነ ሀገር ካለፈ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር እንደነበረ ማስረጃ ያዙ።

የባሕረ ሰላጤው ስድስት ሀገራት (ኤምሬትስ፣ ሳውዲ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባህሬን፣ ኦማን) ነገር ለብቻው ነው። ከ2003 ጀምሮ የጉምሩክ ኅብረት ስላላቸው የውጭ ዕቃ መጀመሪያ በገባበት ወደብ የጋራውን ቀረጥ (አብዛኛው 5 በመቶ ነው) ይከፍላል፣ ከዚያ ወደ ሌላው አባል ሲሻገር በመርህ ደረጃ ዳግም አይከፍልም። ማለትም ያ የቻይና ጫማ ዱባይ ቀረጡ ከተከፈለ፣ የከፈላችሁበትን ዲክላሬሽን (የጉምሩክ መግለጫ) ይዛችሁ በዚሁ መርህ ሪያድ ልታስገቡት ትችላላችሁ። አማን ግን አይሆንም፤ ዮርዳኖስ ከስድስቱ አይደለችም።

ቫትን ከቀረጥ ጋር አታደባልቁ። ቀረጡ ዜሮ ቢሆንም ሳውዲ 15 በመቶ፣ ግብፅ 14 በመቶ ቫት አለ። ዋጋ ስትሰጡ ይሄን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ከገዢው ጋር ተነጋገሩ።

በመጨረሻ፣ ሙሉ ኮንቴይነር ከመጫናችሁ በፊት የኢንቮይሱንና የሰርተፊኬቱን ረቂቅ ለገዢው ትራንዚተር (ጉምሩክ አስፈጻሚ) ላኩ። የታሪፍ ቁጥሩን (ቀረጡ የሚታይበትን የዕቃ መለያ ቁጥር) እሱ ያረጋግጥ፣ መልሱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። «ችግር የለም ሐቢቢ» በስልክ ብቻ ከሆነ አትጫኑ።