የአጥር ጥድ ሲቀላ፦ ውሃ ከማብዛታችሁ በፊት

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ በየግቢው አጥር ሆኖ የሚከረከመው ባብዛኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። ፍሬው ክብና እንደ እንጨት ጠንካራ ነው፤ የሀበሻ ጥድ ፍሬ ግን ትንሽ፣ ለስላሳና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ክሽክሽ የሚባለው፣ የዛፍ ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ተባይ፣ ሁለቱንም አይምርም።

ጫፍ ጫፉ ከቀላ፦ ጥም ነው፤ አለዚያ ቦይ ሲቆፈር ሥሩ ተቆርጧል ወይም የሲሚንቶ እጣቢ ፈሶበታል።

አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ደርቆ ቅርፊቱ ሙጫ ካወጣ፦ ፈንገስ ነው። ከደረቀው ዝቅ ብላችሁ ጤነኛው ላይ ቁረጡ፤ መቁረጫውን በአልኮል ጥረጉ።

ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ከቀላ፦ የጥድ ክሽክሽ። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር፣ መልኩ ቡናማ ሆኖ ዱቄት የተነሰነሰበት ስለሚመስል ከቅርፊቱ አይለይም። ቅርንጫፍ ላይ የጉንዳን ሰልፍ፣ ቅጠሉ ላይ ጥቀርሻ፣ ከሥሩ በቆመ መኪና መስታወት ላይ የሚያጣብቅ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጉ፤ ክሽክሽ ካለ ይረግፍበታል።

ምራቁ ዛፉን ስለሚመርዝ ቅርንጫፉ የሚቀላው ብዙውን ጊዜ ክሽክሹ ከለቀቀው በኋላ ነው። የቀላውን አገላብጦ «ተባይ የለውም» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። መታየት ያለበት አረንጓዴውና ቀዩ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ክሽክሹን ለማጥፋት 150 ግራም የልብስ ሳሙና ፍቃችሁ በሙቅ ውሃ አሟሙ፤ ውሃ ጨምራችሁ 10 ሊትር አድርሱት። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩና 2 ቀን ጠብቁ። ካልጎዳው ፀሐይ ሲበርድ ርጩ፤ በየሳምንቱ፣ 3 ጊዜ። ዱቄት ሳሙና አይሆንም። በረኪና ደግሞ በጭራሽ! የአጥሩን ፊት ብቻ አርጥቦ መሄድ ሳሙና ማባከን ነው፤ ክሽክሹ ያለው ውስጥ ነው። ቅጠሉን ከፍታችሁ መርጫውን አስገቡ፣ እንጨቱ ይራስ።

የሞተውን ቁረጡ፤ አረንጓዴውን ግን እስከ ባዶ እንጨት አትላጩ። ጥድ ባህር ዛፍ አይደለም፤ ከጉቶ አያቆጠቁጥም። ተላጭቶ የቀረ አጥር ቀዳዳው አይሞላም፤ ያለው አማራጭ ነቅሎ መትከል ብቻ ነው።

ሳሙናው ካልበገረው ሥር ላይ የሚፈስ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል ፀረ ተባይ መድኃኒት አለ፤ መጠኑ ከመለያው ይነበብ። በብልቃጥ ተከፋፍሎ መለያ የሌለውን አትግዙ። ከአጥሩ ሥር ጎመን ከተተከለ ወይም የጉድጓድ ውሃ ቅርብ ከሆነ ይቅር፤ አበባ ካለ ደግሞ ንብ ይገድላል።