ቅልቅል ቲሲስ የምትሰሩ ልጆች፣ ዳታችሁ ሶፍትዌር ውስጥ ሳይገባ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

አሁን አሁን ቲሲሱ ሁሉ ቅልቅል ሆኗል። ማኔጅመንት የሚማረው ልጅ ስለ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይጽፋል፣ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ ያለው መጠይቅ ይበትናል፣ ባዮቴክ የምትማረው ደግሞ ከፋብሪካ ቦይ ባክቴሪያ ለይታ "ለኢንዱስትሪው አዋጭ ነው" ብላ ትደመድማለች። ነገርየው ጥሩ ነው፣ ሞጆ ወይ አቃቂ ወንዝ ዳር ያለው ችግር እኮ የብሩም የኬሚካሉም የጀርሙም ነው፣ በዲፓርትመንት አልተከፋፈለም። ግን ድራፍት ሳነብ የማየው፣ ሰዉ ጭንቀቱን ሁሉ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ላይ ይጨርሳል፣ የቱ ቴስት ይሻላል ፒ ቫልዩው ስንት ወጣ ምናምን እያለ፣ ቁጥሩ ግን ገና ሜዳ ላይ እያለ ወይ ጠርሙስ ውስጥ እያለ ሞቷል። የሞተ ቁጥር ላይ የፈለጋችሁትን ሪግሬሽን ብትሰሩ አይነሳም። ስለዚህ እዚህ የማነሳው ከአናሊሲሱ በፊት ያለውን ነው። ቅደም ተከተሉ የኔ ነው፣ በጣም የሚያናድደኝ መሃል ላይ አለ።

በያማኔ አስልቶ በኤችአር ማስበተን

የማኔጅመንት ቲሲስ ምዕራፍ ሦስት ከፍታችሁ "ያማኔ፣ 1967" የማይል ካገኛችሁ ንገሩኝ፣ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለባችሁ የሚያሰላው ፎርሙላ ነው። ፎርሙላው ራሱ ምንም አላጠፋም፣ 1,200 ሠራተኛ ካለ በ5 በመቶ ስህተት 300 ሰው ይላችኋል፣ ሠራተኛው ሚሊዮን ቢሆን እንኳን ከ400 አያሳልፋችሁም። ግን ያ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ሙሉ የስም ዝርዝር ይዛችሁ በዕጣ ስታወጡ ነው። እኛ ጋ የሚሆነውስ? 300 መጠይቅ ፕሪንት ተደርጎ ለኤችአር ይሰጣል፣ ኤችአር ደግሞ በዛ ሰዓት ቢሮ ለተገኘ ሰው ያድላል፣ ጥሬ ቆዳ የሚታጠብበት ክፍል በማታ ሺፍት የሚሰራው ሰውዬ ወረቀቱን አያየውም። ስለ ኬሚካልና ፍሳሽ እየጠየቃችሁ ኬሚካሉን በእጁ የሚነካውን ሰው ካልጠየቃችሁ 300 ሆነ 30 ምን ለውጥ አለው? ዕጣ ማውጣት ካልተቻለ "ያገኘነውን ሰው ነው የጠየቅነው" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፣ ማንም አይገድላችሁም፣ ፎርሙላውን ግን ተዉት።

እግረ መንገዴን፣ ክሮንባክ አልፋ (የመጠይቁን ወጥነት የሚለካው ቁጥር) 0.95 ወጣ ብላችሁ አትደሰቱ። አንድ ጥያቄ በአምስት ዓይነት አባባል ከጠየቃችሁ አልፋው ሰማይ ይነካል። መልሶቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ ነው የሚላችሁ እንጂ እውነት ናቸው አይልም።

አስተያየትን እንደ ልኬት መቁጠር

"ድርጅቱ ለአካባቢ ጥበቃ ትኩረት ይሰጣል" ብላችሁ ከ1 እስከ 5 አስሞልታችሁ አማካዩ 4.2 ሲወጣ፣ ማጠቃለያው ላይ "የፋብሪካው የአካባቢ አፈጻጸም ከፍተኛ ነው" ይሆናል። ከፋብሪካው አጥር ጀርባ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ሌላ ታሪክ ያወራል። ይባስ ብሎ ያው ሰው፣ በዛው ወረቀት፣ በዛው ቀን ስለ ትርፋማነትም ተጠይቆ ሁለቱ መልሶች ሪግሬሽን ውስጥ ይገቡና "አካባቢ ጥበቃ ትርፍን በጉልህ ይጨምራል" ይባላል። ደስ ያለው ሠራተኛ ሁለቱንም 4 ይሞላል፣ የተናደደው ሁለቱንም 2፣ ያገኛችሁት የሰውየውን ስሜት ነው። ቢቻል አንዱን ጎን ከሌላ ምንጭ አምጡት፣ የውሃና የመብራት ቢል፣ የኬሚካል ግዢ መዝገብ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ዕለታዊ ሎግ ቡክ። አንሰጥም ካሉ አለመስጠታቸውም ይጻፍ፣ ዳታ ነው።

ከፍታን መርሳት

በጣም የሚያናድደኝ ያልኳችሁ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ እንዳለች ሁሉም ያውቃል፣ ላብ ሲገባ ግን ይረሳዋል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በአየር ግፊት ነው የሚወሰነው፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ባህር ጠለል ላይ ንጹህ ውሃ የሚይዘው ወደ 9.1 ሚሊግራም በሊትር ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ የዛ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ 7 እንኳን አይሞላም፣ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነ 7.3 አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ ልጁ እንጦጦ ስር ካለ ምንጭ 6.7 ለክቶ ይመጣና የውጭ ቴክስት ቡክ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አይቶ "ኦክስጅኑ ተሟጧል፣ ውሃው ተበክሏል" ብሎ ይጽፋል፣ ውሃው ግን መያዝ የሚችለውን ያህል ይዟል! ሪፖርት ስታደርጉ ሚሊግራሙን ብቻ ሳይሆን በቦታው ግፊት የተሰላውን የሙሌት ፐርሰንት አብራችሁ አስገቡ፣ የኦክስጅን መለኪያውንም ከመለካታችሁ በፊት እዛው ቦታ ላይ ካሊብሬት አድርጉት።

ባዮቴኮች አትሳቁ፣ እናንተም አላችሁበት። ኦቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ማሽን) 15 ፒኤስአይ ግፊት ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል የሚለው ማኑዋል የተጻፈው ለባህር ዳርቻ ከተማ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ 15 ሲል ውስጡ ያለው ሙቀት 117 ገደማ ነው፣ 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ሙቀቱን ራሱ ለክቶ የሚቆጣጠር ዘመናዊ ማሽን ካላችሁ ችግር የለም፣ በጌጅ የሚሰራው አሮጌው ከሆነ ግን ለ15 ደቂቃ "ስቴሪላይዝ" የተደረገው ሚዲያ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ) ውስጥ ስፖር፣ ማለትም ሙቀት የሚችለው የባክቴሪያ ዘር፣ ሊተርፍ ይችላል፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ ከፍሳሽ የለየሁት አዲስ ባሲለስ ብላችሁ የምታሳድጉት ከራሳችሁ ሚዲያ የወጣ ይሆናል። ማሽኑ ጠንካራ ግፊት የማይችል ከሆነ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጨምሩበት፣ ይፈነዳል፣ ሰዓቱን አርዝሙና በስፖር ስትሪፕ ፈትሹት። ምንም ያልተዘራበት ሚዲያም ሁሌ ኢንኩቤተር ውስጥ አብሮ ይቀመጥ።

3 ሰዓት የቱ ነው? 2015ስ?

ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ "3 ሰዓት" ብላችሁ ጽፋችኋል፣ ወንዙ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ሎገር (በራሱ እየለካ የሚመዘግበው መሣሪያ) ግን 9፡00 ይላል፣ ስትመለሱ ዳታውን የሚያገናኘው ልጅ ደግሞ ይሄን አላወቀም። ስድስት ሰዓት ልዩነት ለኦክስጅን ቀላል አይደለም፣ አልጌ የበዛበት ውሃ ንጋት ላይ ኦክስጅኑ ዝቅ ብሎ ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል፣ ያው ነጥብ በአንድ ቀን ውስጥ "የተበከለ"ም "ጤነኛ"ም ሊሆን ይችላል። አንዱን ነጥብ ጠዋት ሌላውን ከምሳ በኋላ ለክታችሁ ስታወዳድሩም ያው ነው።

ዓመቱ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። የድርጅቶች ሪፖርት በበጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ከሳተላይት የሚወርደው የዝናብ ዳታ ደግሞ በፈረንጅ ወር ነው። የ2015 ሽያጭን ከ2015 ዝናብ ጋር አገናኝቶ "ድርቅ ቢኖርም ገቢ አልቀነሰም" ማለት ይመጣል፣ ኤልኒኞ የመታን 2015 የፈረንጁ ነው፣ ሽያጩ ግን የ2015 ዓ.ም. ነው፣ መሃሉ ላይ ሰባት ዓመት አለ። ኤክሴሉ ላይ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሁለት የተለያየ ኮለም ይኑራቸው፣ በቃ። የጣናን እንቦጭ በሳተላይት ምስል የምትከታተሉም ወሩን አስተካክሉ፣ አንዱን ዓመት ክረምት ከወጣ በኋላ፣ ሌላውን በበጋ አጋማሽ አይታችሁ "ቀነሰ" አትበሉ፣ ወቅቱና ንፋሱ ራሳቸው ያመጡታል ይወስዱታል።

ሃይላንድ ጠርሙስና ሚኒባስ

ናሙና በሃይላንድ ጠርሙስ ይቀዳል፣ ሚኒባስ ውስጥ እግር ስር ይቀመጣል፣ ላቡ ዛሬ ተዘግቷል ይባልና ሰኞ ይገባል። የቢኦዲ ናሙና (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን የሚለካበት) ከተቀዳ ጀምሮ በበረዶ ተይዞ ቢቻል በዛው ቀን መጀመር አለበት፣ ከ48 ሰዓት ካለፈ ባክቴሪያዎቹ መንገድ ላይ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ከዛ በኋላም አምስት ቀን በ20 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አምስት ቀን መብራት ሳይጠፋ የሚያድር ኢንኩቤተር ካላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ከሌላችሁ ሙቀቱን የሚመዘግብ ነገር ውስጡ አስገቡና የጠፋበትን ሰዓት ጻፉት። እንደ ክሮሚየም ላለ ብረት ምርመራ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ነው፣ በአሲድ የታጠበ፣ ናሙናው ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮበት ፒኤቹ ከ2 በታች የወረደ፣ አለበለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና "አልተገኘም" ይባላል።

ክሮሚየም ላይ ልቆይ፣ ቆዳ ፋብሪካ የሚነካ ሁሉ እዚህ ይወድቃል። ቆዳ የሚለፋው በሦስት ቫሌንስ ክሮሚየም ነው፣ ካንሰር ያመጣል የሚባለው ባለ ስድስቱ ነው፣ አቶሚክ አብሶርፕሽን ማሽኑ ደግሞ ሁለቱን ሳይለይ ድምሩን ነው የሚሰጣችሁ። ድምሩን ይዞ "ካንሰር አምጪ ክሮሚየም በከፍተኛ መጠን ተገኘ" ማለት ዲፌንስ ላይ አንድ የነቃ ኤግዛማይነር ከገጠማችሁ ቲሲሱን ይዞት ይሄዳል። ባለ ስድስቱን ከፈለጋችሁ ለብቻው መለካት አለበት፣ ያውም አሲድ ካልነካው ጠርሙስ፣ ምክንያቱም አሲዱ ራሱ ወደ ሦስት ይቀይረዋል።

ከአንድ ጠርሙስ ሦስቴ ማንበብ

ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ብታነቡ ሦስት ናሙና አላችሁ ማለት አይደለም፣ አንድ ናሙናና የማሽኑን መረጋጋት ነው የያዛችሁት። ከፋብሪካው በላይ ያለውን ውሃ ሳይቀዱ ከታች ያለውን ብቻ ቀድቶ ፋብሪካውን መክሰስም አለ። ክረምት ላይ መጠኑ ወረደ ብሎ "መሻሻል ታይቷል" ማለትም አለ፣ ወንዙ ስለሞላ ቀጠነ እንጂ የሚለቀቀው አልቀነሰም ይሆናል፣ ፍሰቱን ለክታችሁ በመጠኑ አባዙት። የወንዝን ውሃ ከዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ ጋር ብቻ አወዳድሮ ፋብሪካውን ጥፋተኛ ማድረግም አይሆንም፣ ለፍሳሽ የራሱ የሀገር ደረጃ አለው። ማሽኑ ማየት ያልቻለውን ደግሞ ዜሮ ብላችሁ አትሙሉ፣ "ከዚህ መጠን በታች" ተብሎ ነው የሚጻፈው።

16ኤስ አይቶ ስም መስጠት፣ ፍላስክ አይቶ ፋብሪካ መክፈት

ባክቴሪያ ለይታችሁ 16ኤስ ጂኑን (ባክቴሪያን ለመለየት የሚነበበውን) አስነብባችሁ 99 በመቶ ከአንዱ ከታወቀ ዝርያ ጋር ሲመሳሰል ስሙን ለጠፋችሁበት። እሺ፣ ግን ባሲለስ ሴሬየስ፣ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እና የአባሰንጋው ባሲለስ አንትራሲስ በዚህ ጂን አይለያዩም ማለት ይቻላል። አባሰንጋ ደግሞ በቆዳ የሚመጣ በሽታ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ ባሲለስ ለይታችሁ "ፍሳሽ ውስጥ ቢለቀቅ ያጸዳል" የሚል ምክረ ሐሳብ ከመጻፋችሁ በፊት ሌላ ጂንም ሌላ ቴስትም ያስፈልጋል።

"ባክቴሪያው የፍሳሹን ቀለም 95 በመቶ አጠፋ" የሚለውም፣ የሞቱ ሴሎች ራሳቸው ቀለም ስለሚመጥጡ በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ ያለበት ፍላስክ ጎን ለጎን ካልነበረ በሉት ወይስ መጠጡት አይታወቅም። እዚህ ጋ ነው የቢዝነሱ ልጅ የሚያስፈልገው፣ ምክንያቱም ያ ፍላስክ ውስጥ ለባክቴሪያው ምግብ የሚሆን ግሉኮስና የስት (የእርሾ) ኤክስትራክት ነበረ፣ በዶላር የሚገዛ፣ ፋብሪካው ደግሞ በቀን የሚለቀው በሜትር ኩብ ነው። ወጪውን በአንድ ሜትር ኩብ አስሉት። አብዛኛው "አዋጭ" የተባለ ነገር እዚህ ስሌት ላይ ያልቃል፣ ያላለቀው ግን እውነትም ሊሰራ ይችላል፣ ወይ ደግሞ የስት ኤክስትራክቱን በቢራ ፋብሪካ ዝቃጭ ተክቶ መሞከር ይመጣል፣ እሱ ራሱ ጥሩ ቲሲስ ነው።

ናሙና በሻንጣ

ሲኩዌንሲንግ (ዲኤንኤውን ማስነበብ) ውጭ ነው የሚሰራው ተብሎ ባክቴሪያው ወይ ዲኤንኤው ውጭ በሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ይላካል። አይሆንም። በዐዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ጄኔቲክ ሀብት ከሀገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የምትጠይቁት ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። ቢሮክራሲ ነው ብላችሁ ካላመናችሁኝ ጤፉን አስታውሱ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሞ፣ የጤፍ ዱቄት ፓተንት ወጥቶበት፣ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ወረቀቱ ጊዜ ስለሚወስድ ፕሮፖዛሉ በጸደቀበት ሳምንት ጀምሩት፣ ዲፌንሱ ሲደርስ አይደለም።

ሁሉን የሚቀበል ጆርናል

ቅልቅል ሥራ የት ይታተማል የሚለው ከባድ ስለሆነ ብር ተቀብለው ሁሉን የሚያትሙት አዳኝ ጆርናሎች እዚህ ይጠብቋችኋል፣ ማኔጅመንትም ባዮቴክም ኢንጂነሪንግም ሥነ ጽሑፍም በአንድ እትም የሚያወጣ "ኢንተርናሽናል" ጆርናል፣ በሦስት ቀን ሪቪው፣ ለማስተርስ ተማሪ "ውድ የተከበሩ ፕሮፌሰር" የሚል ኢሜይል። ስኮፐስ (የታወቁ ጆርናሎች የሚመዘገቡበት ዝርዝር) ላይ አለን ካሉ የነሱን ዌብሳይት ሳይሆን የስኮፐስን የራሱን ዝርዝር ክፈቱ፣ ነበረ ግን ተቋርጧል የሚል ካለ ዓመቱን እዩ፣ የእውነተኛ ጆርናልን ስም የሰረቀ አስመሳይ ሳይትም ስላለ አድራሻውን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የታተሙ ሁለት ሦስት ጽሑፎችም አውርዱና ሜተዱን ብቻ አንብቡ፣ ናሙናው በምን ጠርሙስ ተቀድቶ በስንት ሰዓት ላብ እንደገባ አንዳቸውም ካልጻፉ ብራችሁን ያዙ።