ሚስጥራዊ ደንበኛ ሆኖ ለመሥራት ምን ያስፈልጋል?

ሚስጥራዊ ደንበኛ እንደማንኛውም ሰው ገብቶ፣ አዝዞ፣ ከፍሎ ይወጣል። ከዚያ ያየውን ጽፎ ለላከው ያስረክባል። ላኪው የካፌው ወይም የሱቁ ባለቤት፣ አለዚያም ባለቤቱ የቀጠረው ድርጅት ነው።

መጀመሪያ ቀጣሪውን አጣሩ። "ለመመዝገቢያ" ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ እዚያው ተዉት። ትክክለኛ ቀጣሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

የሚያውቋችሁ ቤት ከሆነ ሥራውን አትቀበሉ። ድሬ ዳዋ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚራ ሰፈር አንድ ካፌ ስትገቡ አስተናጋጁ የጎረቤት ልጅ ሆኖ ይገኛል። "አቦ፣ ጠፋህ! እማማ ደህና ናቸው?" ካላችሁ በኋላ የምታገኙት መስተንግዶ ሌላው ደንበኛ የሚያገኘው አይደለም። ለቀጣሪው ደውላችሁ እውነቱን ተናገሩ።

ቀጣሪው የሚሰጣችሁን መጠይቅ ቤት ሆናችሁ ደጋግማችሁ አንብቡ። የተሰጣችሁን ሰዓትም አክብሩ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከባዱ ነገር ሳይጽፉ ማስታወስ ነው። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ ደብተር ይዤ ገባሁ። አስተናጋጇ በመጣች ቁጥር ሰዓቴን እያየሁ እጽፋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ኃላፊው መጣ፤ ከገቢዎች የመጣሁ መስሎታል። ጠረጴዛው ድጋሚ ተጠረገ፣ ያላዘዝኩት ጁስ መጣ። ሪፖርቴ ተጣለ፣ ክፍያውም ቀረ። ያን ቀን የቤቱን እውነተኛ መስተንግዶ ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ።

አሁን በቴሌግራም ለራሴ አጭር መልእክት እልካለሁ። "ገባሁ"፣ "አዘዝኩ"፣ "መጣ"። ሰዓቱን ቴሌግራም ራሱ ይመዘግብልኛል። ስልክ የሚነካካ ሰው ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። የቀረውን በጭንቅላት መያዝ ነው፦ ማን ሰላም አለኝ? በየትኛው ቋንቋ? መጸዳጃ ቤቱ ውሃና ሳሙና ነበረው? ከወጣሁ በኋላ ባጃጅ ሳልይዝ ጥላ ፈልጌ ቆሜ ሁሉንም በድምፅ እቀዳለሁ። ቤት ደርሼ እጽፋለሁ ካላችሁ ግማሹ ይጠፋችኋል። ለመለማመድ ቡና ልትጠጡ በገባችሁበት ሁሉ ሦስት ነገር ይዛችሁ ውጡ።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ወዲያው ፎቶ አንሱት። የማሽን ደረሰኝ ሙቀት ላይ ከቆየ ይበላሻል።

ሪፖርቱ ላይ ያያችሁትን እንጂ የተሰማችሁን አትጻፉ። "አስተናጋጁ ግዴለሽ ነው" ማለት ፍርድ ነው። "ከተቀመጥኩ ከ11 ደቂቃ በኋላ መጣ፤ ጠረጴዛው አልተጠረገም ነበር" ማለት ግን መረጃ ነው። የድሬ ሰው አነጋገሩ ነፃ ነው። "አቦ" ማለቱን እንደ ንቀት የሚጽፍ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው እመርጣለሁ። ጥሩ ያያችሁትንም በእኩል ዝርዝር ጻፉ።

ሪፖርቱን በዚያው ቀን ላኩ። የሠራተኛውን ስም ከደረቱ ላይ ካላነበባችሁ አትገምቱ። "ጠይም፣ ረጅም ልጅ" ብቻ ከጻፋችሁ ሦስት ልጆች ይጠየቃሉ። የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጣችሁና በስንት ሰዓት እንዳስተናገዳችሁ አስፍሩ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት፤ የሰው እንጀራ ነው።