ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል ተጫዋች ካላችሁ

ጅማ ላይ ዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ገጸ ባህሪ ሆነው ታሪክ እየፈጠሩ በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ) የምታጫውቱ ልጆች፣ ጨዋታው ውስጥ ቤት የሚያቃጥል ባለሱቅ የሚገድል ተጫዋች ካለ ተናዳችሁ ድራጎን አትልቀቁበት፣ እልህ ነው የሚገባው። ይልቅ ያደረገው ነገር ተከትሎት ይምጣ። ፋየርቦል የሚባለው የእሳት ድግምት በ20 ጫማ ራዲየስ ውስጥ ሰው ያልለበሰውን ያልያዘውን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ያነዳል ይላል ህጉ፣ እና ሄርማታን የመሰለ ገበያ መሀል ከለቀቀው የቡናው ጆንያ ሁሉ ይንደድ፣ ነጋዴው መድኃኒት አልሸጥልህም ይበለው፣ የሟች ወንድም መጥቶ ጉማ (የደም ካሳ) ይጠይቀው (ጉማው ራሱ አሪፍ የአንድ ቀን ጨዋታ ይወጣዋል)። ዳይስ ከመወርወሩ በፊት ደግሞ "እዛ ህፃናት አሉ፣ እርግጠኛ ነህ?" በሉት፣ ብዙዎቹ እዚች ጋር ይተዉታል። ሌሎቹን ለማብሸቅ ብቻ የሚያደርገው ከሆነ ግን ጨዋታ ውስጥ አትድከሙ፣ ቡና ጋብዛችሁ ለብቻው አናግሩት።