ልጅ ፕሮሰስን በሲ ማቆምና ማስቀጠል

ልጅ ፕሮሰስን (ሌላ ፕሮሰስ፣ ማለትም ወላጁ፣ የፈጠረውን እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ለጊዜው ለማቆም ሲግናል፣ ማለትም ለፕሮሰስ የሚደርስ አጭር መልእክት፣ የሚልከውን ኪል የሚለውን ፈንክሽን መጥራት ቀላል ነው። ወላጁን የሚያስቸግረው ልጁ በትክክል መቆሙን ማወቁ ነው።

በኢንቴልና በኤአርኤም ማሽኖች ላይ በሚሠራው ሊኑክስ የማስቀጠያው ሲግናል ሲግኮንት 18፣ የማቆሚያዎቹ ሲግስቶፕ 19 እና ሲግቲኤስቲፒ 20 ቁጥር አላቸው። ሚፕስ በሚባሉት ፕሮሰሰሮች ላይ ስለሚለያዩ ኮድ ውስጥ ስማቸውን ጻፉ። ሲግስቶፕን ማገድም፣ መያዝም፣ ችላ ማለትም አይቻልም። ልጁ ከመቆሙ በፊት የሚያሰናዳው ነገር ካለ ግን ሃንድለር (ሲግናል ሲደርስ የሚሠራ ፈንክሽን) የሚቀበለውን ሲግቲኤስቲፒን ላኩ። ሃንድለሩ መጨረሻ ላይ ሬይዝን ጠርቶ ለራሱ ሲግስቶፕ ካልላከ ልጁ ጨርሶ አይቆምም።

አሁን ወላጁ ይጠብቅ። ልጁን የሚጠብቀው ፈንክሽን፣ የዌይትፒአይዲ፣ ሦስተኛ ግቤት 0 ከሆነ ጥሪው የሚመለሰው ልጁ ሲሞት ብቻ ነው፤ ልጁ ቆሞ ወላጁም አብሮ ይደርቃል። ልጁ ሲቆምም እንዲመለስ በ0 ፈንታ ደብሊውአንትሬስድን ስጡት። ሲመለስ ስታተሱን በደብሊውኢፍስቶፕድ ፈትሹ፤ ልጁ ቀድሞ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል በደብሊውኢፍኤግዚትድና በደብሊውኢፍሲግናልድም እዩት።

ሲግኮንትን ከዚህ በኋላ ብቻ ላኩ። ብትቸኩሉ ከርነሉ ገና ያልደረሰውን የማቆሚያ ሲግናል ይሰርዘዋል፣ ልጁም ሳይቆም ይቀራል። የባሰው ሃንድለሩ ገና እየሠራ ሳለ ሲግኮንት ሲደርስ ነው፦ ልጁ ቀጥሎ ራሱን ያቆማል፣ የሚቀሰቅሰው ግን የለም። ፕሮሰሶችን በሚዘረዝረው ፒኤስ ትእዛዝ ላይ በስታት አምድ ቲ ፊደል ይዞ ተገትሮ ታገኙታላችሁ።

ሲግቻይልድ የሚባለው ሲግናል ልጁ ሲሞት ብቻ ሳይሆን ሲቆምም ለወላጁ ይላካል። ይህን የዘነጋ ሃንድለር የቆመውን እንደሞተ ቆጥሮ ሌላ ልጅ ይፈጥራል። መቆሙን ማወቅ ካላስፈለገ ሃንድለሩን በሚመዘግበው ሲግአክሽን ላይ ኤስኤኖሲኤልዲስቶፕን አብሩ። ካስፈለገ ሲግናሎቹ ወረፋ ስለማይይዙ ዌይትፒአይዲን ደብሊውአንትሬስድና ሳይጠብቅ እንዲመለስ የሚያደርገውን ደብሊውኖሃንግን አጣምራችሁ 0 ወይም -1 እስኪመልስ በሉፕ ጥሩት። የስህተት ቁጥር የሚይዘውን ኤርኖን ሃንድለሩ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡ፣ ስትወጡ መልሱት፤ ሃንድለር ውስጥ ፕሪንትኤፍ አይጠራም።

ተርሚናል ላይ ኮንትሮልና ዜድ ሲጫኑ ሲግናሉ ከፊት ላለው የፕሮሰስ ግሩፕ በሙሉ ስለሚሄድ ወላጁም አብሮ ይቆማል። ልጁን በሴትፒጂአይዲ ወደ ራሱ ግሩፕ ለዩት፤ ማን እንደሚቀድም ስለማይታወቅ ጥሪው በወላጁም በልጁም በኩል ይደረግ።

የቆመ ልጅ እንዲያበቃ የሚጠይቀው ሲግተርም ቢላክለት ወዲያው አይሞትም፤ ሲግኮንት አስከትሉ። በግድ የሚገድለው ሲግኪል ብቻ ይህን አይጠብቅም።