ጨዋማ የጉድጓድ ውሃን በሜምብሬን አጣርቶ ለመጠጥ ማብቃት

በአፋርና በሶማሌ ክልል ቆላማ ቦታዎች ስንት ተደክሞበት የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃው ጨው ሆኖ ይገኛል። ይህን ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣፈጥ ይቻላል። ፓምፕ ውሃውን በኃይል ይገፋዋል፤ ውሃው ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን አልፎ ይወጣል፤ አብዛኛው ጨው ማለፍ አቅቶት ይቀራል። ኮሊንጋ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1965 ጨዋማ ውሃዋን በዚህ መንገድ ማጣራት ጀምራለች።

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሜምብሬን በአብዛኛው የሚሞተው ውሃው እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት በሚሠራ ስህተት ነው።

1. ውሃውን አስመርምሩ

ሳታስመርምሩ ምንም ዕቃ አትግዙ። የሟሟው ጨው ጠቅላላ መጠን (ቲዲኤስ) በሊትር ከ1,000 እስከ 10,000 ሚሊግራም ከሆነ ለጨዋማ ጉድጓድ ውሃ የተሠራው ሜምብሬን ይበቃል፤ የባህር ውሃው ዓይነት አያስፈልግም። ካልሲየም፣ ሰልፌት፣ ሲሊካና ብረትም ይለኩ። በስምጥ ሸለቆ ከሆናችሁ ፍሎራይድን አትርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ሜምብሬኑ አብዛኛውን ፍሎራይድም ያስቀራል።

ብረት አታላይ ነው። ከጉድጓድ ሲወጣ ኩልል ያለውን ውሃ በነጭ ጠርሙስ ቀድታችሁ ክፍቱን አሳድሩት። ጠዋት ቀይ ዝቃጭ ከታች ካያችሁ ያ ዝገት ሜምብሬኑ ላይ ሊለጠፍ የነበረ ነው። ብረቱ አስቀድሞ መውጣት አለበት።

2. ቅድመ ማጣሪያውን አሟሉ

መጀመሪያ የአሸዋ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ባለ 5 ማይክሮን ፊልተር። ካልሲየሙ ከበዛ ድንጋይ እንዳይሠራ የሚከላከል ኬሚካል በመጠን ይጨመር። ክሎሪን ፖሊአማይድ ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠሩትን የዛሬዎቹን ሜምብሬኖች ይበላቸዋል፤ አንዴ ከተበላ ደግሞ ማጠብ አይመልሰውም። ውሃው ክሎሪን ከገባበት በካርቦን ማጣሪያ አሳልፉት። ለጀርም የሚሆነውን ክሎሪን ከተጣራ በኋላ ጨምሩ።

3. ሜምብሬኑን አስገቡ

በትንንሽ ተቋማት የተለመደው ስፋቱ 4፣ ርዝመቱ 40 ኢንች የሆነው ጥቅልል ነው። አንደኛው ጫፉ ላይ ከንፈር ያለው ትልቅ ጎማ አለ፤ ያ ጫፍ ውሃው በሚገባበት በኩል ይሁን። ትንንሾቹን ኦሪንጎች (ክብ የጎማ ማሸጊያዎች) ግሊሰሪን ቀቧቸው። ቫዝሊንና ግሪስ ግን አይሆንም፤ ዘይትነታቸው ጎማውንም ሜምብሬኑንም ይጎዳል።

4. ቀስ ብላችሁ አስነሱ

የተረፈ ውሃ (ሳያልፍ ጨውን ይዞ የሚቀረው) መውጫውን ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። አየሩ እስኪወጣ ውሃውን በዝቅተኛ ግፊት አፍስሱ፣ ከዚያ ግፊቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ። በሊትር 1,000 ሚሊግራም ጨው ወደ 0.8 ባር የሚጠጋ ግፊት ስለሚቃወም ጨው ሲበዛ ፓምፑም መበርታት አለበት። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ባር ይበቃል። አዲስ ሜምብሬን ማቆያ ኬሚካል ስላለበት የመጀመሪያውን ሰዓት ውሃ ድፉት፤ አይጠጣም።

5. ቫልቩን አታጥብቁ

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በደረቅ አገር ውሃ ሲደፋ ማየት አንጀት ይበላል፤ ስለዚህ ሰው የተረፈ ውሃውን ቫልቭ ያጠብቃል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው፦ ከገባው ውሃ ግማሹን አጣርታችሁ ካወጣችሁ የተረፈው ውሃ ጨውነት ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል፤ 75 በመቶ ካወጣችሁ ወደ 4 እጥፍ። ያኔ ካልሲየምና ሲሊካ ሜምብሬኑ ላይ ድንጋይ ይሆናሉ። ብቻውን የተተከለ አንድ ሜምብሬን በአንድ ዙር 15 በመቶ ገደማ ቢያወጣ ይበቃዋል። የበለጠ ከፈለጋችሁ ሜምብሬኖችን በተከታታይ ትከሉ። የተረፈው ውሃ ከጉድጓዱ ርቆ ይፍሰስ፤ አለዚያ ጨው ተመልሶ ወደራሳችሁ ጉድጓድ ይሰርጋል።

6. በየቀኑ መዝግቡ

ግፊት፣ የውሃ መጠን፣ ሙቀትና የተጣራው ውሃ ቲዲኤስ በደብተር ይግቡ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ምርት እንደሚቀንስ አትዘንጉ። ሙቀትና ግፊት ሳይለወጡ ምርቱ 10 በመቶ ከቀነሰ ሜምብሬኑ ይታጠብ፦ ለካልሲየም ድንጋይ ሲትሪክ አሲድ፣ ለአተላና ለባክቴሪያ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ማጠቢያ)። እስኪደፈን አትጠብቁ።

ማሽኑን ስታጠፉ በተጣራ ውሃ አለቅልቁት። ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ሜምብሬኑን 1 በመቶ የሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ውህድ ውስጥ አቆዩት፤ አይድረቅ።