ፈታኟ ስለ ሳይክል ስትጠይቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ፣ አይኤልትስ ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የንግግር ክፍል ከሚዘጋጁ ተፈታኞች ጋር እቀመጣለሁ። እኔ ፈታኝ እሆናለሁ፣ እነሱ ይመልሳሉ፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። ስለ ቤተሰብ ስጠይቅ ወሬው ይሄዳል። ስለ ሥራም እንደዚያው። «ልጅ ሆነሽ ሳይክል ነበረሽ?» ስል ግን ጸጥ ይላል። ከዚያ ጠረጴዛ የሰበሰብኳቸውን ችግሮች ከነመፍትሄያቸው ላካፍላችሁ።

«ኖ» ብዬ ደረቅሁ

ዋናው ችግር ይሄ ነው። «ሳይክል ነበረህ?» «ኖ።» «አሁንስ ትነዳለህ?» «ኖ።» ፈታኟ ወረቀቷን ታያለች፣ እሱ ጠረጴዛውን ያያል።

መንስኤው የእንግሊዝኛ ማነስ አይደለም። ጥያቄውን የቀበሌ ፎርም አድርገነው ነው። አለ ወይስ የለም? የለም። ቀጣይ። ፈታኟ ግን ሳይክል ኖራችሁ አልኖራችሁ ምን ቸገራት? የምትመዝነው አራት ነገር ነው፦ ሳይቆራረጡ ሐሳብን አያይዞ መናገር፣ የቃላት አጠቃቀም፣ ሰዋስውና የድምፅ አወጣጥ። አራቱም እኩል ነጥብ አላቸው። «የለኝም» ስላላችሁ የሚቀነስ ነገር የለም። «የለኝም» ብላችሁ ካቆማችሁ ግን የምትመዝነው አልሰጣችኋትም።

መፍትሄው ከ«ኖ» ቀጥሎ ምክንያት መስጠት፣ ከምክንያቱ ቀጥሎ ደግሞ በዓይን የሚታይ አንድ ነገር መጨመር ነው። ፒያሳ ያደገች አንዲት ልጅ ነበረች። «ኖ» አለችና ዝም። እንግሊዝኛውን ተይውና ለምን እንዳልነበረሽ በአማርኛ ንገሪኝ አልኳት። «እማዬ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ አትወጣም ትል ነበር» አለች። «ወንድሜ ግን ሰፈር ውስጥ በዙር ይከራያል። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ እገፋዋለሁ። በቃ አሁን የኔ ተራ ነው ስል፣ ባለ ሳይክሉ ሰዓት አልቋል ይላል።» እየሳቀች ነው የምታወራው። «እሱኑ በእንግሊዝኛ በይው» አልኳት። አለችው። ሁለት ቦታ ሰዋስው ስታለች፣ ግን አንዴም አልቆመችም። አራት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ለንግግር ፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ከበቂ በላይ ነው።

«አሁንስ ትነዳላችሁ?» ለሚለውም ከተማችን ራሷ መልስ ታቀብላለች። ከፒያሳ ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና መውረድ ማን ይጠላል? መመለሻውን አስቡት። ያውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለ ከተማ። ወይም እንዲህ በሉ፦ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ የሳይክል መንገድ ተሠርቷል፣ እኔ ግን እስከ ሰፈሬ ስለማይደርስ ታክሲ ይሻለኛል። ይሄ ምንም የማይጎድለው መልስ ነው።

እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ግራ ገባት

እዚህ አማርኛው ከሥር ብቅ ብሎ ነው። በአማርኛ በሬም ይነዳል፣ መኪናም ይነዳል፣ ሳይክልም ይነዳል። በእንግሊዝኛ «ድራይቭ» ለመኪና ነው። ለሳይክል «ራይድ» በሉ። ከሳይክል ስትወድቁ ደግሞ «ፌል ኦፍ» ነው።

አንዱ ተማሪ ቁልቁለት ላይ ስለደረሰበት አደጋ ሲያወራ «ማይ ፍሬን ሪፊውዝድ» አለኝ። ፍሬን እምቢ አለኝ ማለቱ ነው። የእኛ ሰው ይረዳዋል። እንግሊዛዊ ቢሰማው ግን ጓደኛው ምን እንደከለከለው ነው የሚጠይቀው! ፍሬን፣ ካቴና፣ ጎሚስታ የእኛ ሆነው ቀርተዋል እንጂ እንግሊዝኛ አይደሉም። ስለዚህ «ዘ ብሬክስ ዲድንት ዎርክ»፤ ካቴና «ቼይን»፤ ጎማ ሲተነፍስ «ፍላት ታየር»። ለጎሚስታ ቃል አትፈልጉ። ጎማ የሚጠግን ሰው ብላችሁ ግለጹት። ቃል ሲጠፋ ዞሮ መግለጽ ራሱ ነጥብ ያስገኛል።

ደግሞ የቃሉ አጠራር አለ። «ሞተርሳይክል» ላይ «ሳይ» ስላለ «ባይሳይክል» የምንል ብዙ ነን። ትክክሉ «ባይሲክል» ነው፤ መጀመሪያው ጠበቅ፣ መሐሉ አጠር። ካስቸገራችሁ «ባይክ» በሉና ተገላገሉ።

«አይ ዎዝ ራይድ»

ይሄን የማይል ተማሪ እስካሁን አላገኘሁም። «እነዳ ነበር» የሚለው ቃል በቃል ሲዞር የሚመጣ ነው፤ «ነበር»ን «ዎዝ» አድርገን እንለጥፈዋለን። ድሮ ታደርጉት ለነበረና አሁን ለተዋችሁት ነገር «ዩዝድ ቱ» ተጠቀሙ፦ «አይ ዩዝድ ቱ ራይድ»። የልጅነት ጥያቄ ሁሉ በዚህ ይከፈታል። አንዴ ለተደረገ ነገር ግን «ዩዝድ ቱ» አይሆንም። አንድ ቀን ወድቃችሁ ከሆነ «ፌል» ብቻ ነው።

ዓመቱና ሰዓቱ ሲምታታ

«በ2008 ነው የለመድኩት» ያላችሁት በእኛ ነው፣ እሷ የምትሰማው በእነሱ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት አለው። ፈተና ላይ ሒሳብ አትሥሩ። «የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ» በሉ፣ አለቀ። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። አንዱ፣ መኪና በማይገባበት እሁድ መስቀል አደባባይ ጠዋት በ1 ሰዓት ሳይክል እከራያለሁ ለማለት «ዋን ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» አለ። ሌሊት ሙሉ ሲነዳ የሚያድር ሆኖ ቁጭ አለ። «ሰቨን» ነው።

አጀማመሬ እሳት፣ ከዚያ አመድ

«ባይሲክልስ አር ኢኮ ፍሬንድሊ ሚንስ ኦፍ ትራንስፖርቴሽን...» ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ጽሑፍ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ስንቴ ሰማሁት። ፈታኞች የተሸመደደ መልስ እንዲለዩ ሠልጥነዋል። የእናንተ አነጋገር ሌላ፣ የዚያ ዓረፍተ ነገር ሌላ። «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ መሬቱ ይከዳችኋል። ጽሑፉን አጥፉት። በምትኩ ስለ ሳይክል የምታስታውሱትን አንድ እውነተኛ ነገር በስልካችሁ ቅዱና አዳምጡት። ትውስታ ከሌላችሁ ፍጠሩ፣ ማንም አያጣራም።

መልሻለሁ፣ እሷ ግን አሁንም ትጠብቃለች

ይሄኛውን ያየሁት ራሴን በቪዲዮ ቀርጬ ነው። አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን አይደል? ለማያውቅ ሰው ድንጋጤ ይመስለዋል። ፈተናው ደግሞ በድምፅ ይቀዳል፣ ቅጂው ላይ የሚሰማው ትንፋሽ ነው። አፋችሁን ከፍታችሁ «የስ» በሉ።

ጥያቄው ካልገባችሁ ይሉኝታ አይያዛችሁ። «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?» ያልተጠየቁትን ከመመለስ ይሻላል።

አቋረጠችኝ

ምንም አላጠፋችሁም። ጠቅላላው የንግግር ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል 4 ወይም 5 ደቂቃ ብቻ። ሌሎች ጥያቄዎች ስላሏት ነው የምትቆርጣችሁ። አንዳንዱ ግን «ወሬዬን ሳልጨርስ» እያለ የሚቀጥለውን ጥያቄ ሳይሰማ ያልፋል። ቀጥላ ስለ ጫማ ብትጠይቃችሁ ሳይክሉን እዚያው ጥላችሁ ስለ ጫማው ቀጥሉ።